ጠማማ መንኮራኩር ፍለጋ

ኧረ የዛሬ ልጆች፣ ምን አዚም ነው የዞረባችሁ? ማሳው ላይ ጤፉን አረም እየዋጠው፣ የደብረ ወርቅ ጎረምሳ ቤቲንግ ቤት ተኮልኩሎ ስክሪን ላይ የሚሽከረከር የሩሌት መንኮራኩር ይጠብቃል። የእኔው የልጅ ልጅማ ባሰ፤ ብሩ መበላቱ ሳያንስ ይጽፈዋል! የሒሳብ ደብተሩን ገለጥ ባደርገው ሒሳብ የሚባል የለበትም። 17፣ 4፣ 32፣ አሁንም 17። 17 በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ ተሰምሮባታል። «አባባ፣ መንኮራኩሩ ለዚች ያደላል» ይለኛል።

የሚያደላ መንኮራኩር የለም አልልም። ጆሴፍ ጃገር የሚባል እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሞንቴ ካርሎ ላይ ጸሐፊ ቀጥሮ ቁጥር ሲያስመዘግብ ሰንብቶ፣ ጠማማውን ለይቶ ገንዘቡን ዝቋል። ስፔናዊው ጎንሳሎ ጋርሲያ ፔላዮም በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ማድሪድ ካዚኖ ውስጥ ቤተሰቡን አሰልፎ ይህንኑ አደረገ፤ ካዚኖው ደጄን አይርገጥ ቢል፣ በ2004 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሰውየው ፈረደ።

ግን የእነሱ መንኮራኩር እንጨትና ብረት ነበር። እንጨት ይጣመማል፣ ብረት ይበላል፤ ያዘነበለ ምጣድ እንጀራውን ባንድ ጎን እንደሚያወፍረው ሁሉ ኳሷም ወዳንድ ወገን ታመዝናለች። የስክሪኑ ምኑ ይጣመማል? ቁጥሩን የሚመርጠው ኮምፒውተር ነው፤ ክቡ የሚዞረው ለዓይን ነው!

አድልዎውን ከፈለጋችሁማ ደብተር አያሻም። የስክሪኑ ሩሌት ከ0 እስከ 36 ድረስ 37 ቤት አለው። በሁሉም ላይ አንድ አንድ ብር ብታስይዝ 37 ከፍለህ፣ ያስያዝከውን ጨምሮ 36 ትቀበላለህ፤ አንዷን ባለቤቱ ዋጥ! ጠማማ ቢገኝ እንኳ፣ ቁጥሯ በአማካይ ከ36 ዙር ከአንዴ በላይ ካልወጣች ትርፍ የለም። ይህን ለማረጋገጥ በሺህ የሚቆጠር ዙር መመዝገብ ይጠይቃል፤ የእኛ ሊቅ ባንድ ከሰዓት ደረሰበት።

ጓደኛው ደግሞ ሒሳብ አልወድም ብሎ በቅዱሳን ያስይዛል፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ። በደብረ ወርቅ ማርያም አገር፣ እመቤታችንን ለቁማር! «አንተ፣ ወሩ 30 ቀን ነው፤ ከ31 እስከ 36 ያሉት የማን ናቸው?» ብለው፣

«እነሱማ የባለቤቱ ናቸው» አለኝ።

ከደብተረኛው እሱ ይሻላል፤ ቢያንስ ባለቤቱ ድርሻ እንዳለው ገብቶታል።