ጋዙ አልቋል

እስቲ ቁጭ በሉ፣ ቡናው ገና አቦል ነው፣ እንጫወት። ታኅሣሥ ገብቶ የገና በዓል ሲቃረብ ላሊበላ እንዴት እንደምትሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከዋግ በሉት ከራያ፣ ከጎንደር በሉት ከጎጃም፣ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ስንቁን አንጠልጥሎ ይጎርፋል። ከተማውም ያለውን ክፍል ያጸዳል፣ ያለውን ዕቃ ያወጣል። አክስቴ መንገድ ዳር ካለች ቤቷ ውኃና ለስላሳ ትቸረችራለችና ፍሪጇ ዓመቱን ሙሉ የምትጠበቀው ለዚች ሰሞን ነው።

ላስታ ብርድ አገር አይደለም ወይ፣ ፍሪጅ ምን ያደርግላችኋል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ከተማው ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ከሆነው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሌሊት ሌሊት የሚወርደው ንፋስ ጋቢ ይበሳል። ቀን ቀን ግን ፀሐዩ አናት ይልጣል። አሸተን ማርያም ወጥቶ የወረደ ተሳላሚ ለብ ያለ ለስላሳ ቢሰጡት አይቀበልም። ደግሞ ለስላሳው ይቅር። ጎረቤታችን የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ኢንሱሊናቸው የሚቀመጠው በአክስቴ ፍሪጅ በታችኛው መደርደሪያ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከተማው ለወራት ያለ መብራት ሲከርም እኚህ ሴት መድኃኒቱን ባገኙ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ እንስራ ውስጥ ነበር የሚያቆዩት። ያንን ያየ ሰው ስለ ፍሪጅ ሲያወራ ስለ ቅንጦት አያወራም።

እናላችሁ፣ ፍሪዘሩ በረዶ ጋገረ። ከቤቱ ልጆች አንዱ በቢላዋ ጫፍ ሊፈነቅለው ሞከረ። ፊስስ አለ። ጢስ የለ፣ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለ። ልጁ ቢላዋውን አጥቦ ቦታው መለሰ፣ ነገሩም እዚያው ተረሳ። በማግስቱ ቅቤው ቀለጠ። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ አንዱ ጆሮውን ኮምፕረሰሩ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፣ ሌላው የኋላውን ሽቦ ዳበሰ፣ ፍርዱ ግን አንድ ሆነ፤ «ጋዙ አልቋል»። አክስቴ ወደ እኔ ዞረችና «በል ልጄ፣ አስሞልተህ ና» አለችኝ። መላላኩ ይኸው ነው፤ ከወፍጮ ቤት እህል አስፈጭቶ ከመምጣት የማይበልጥ።

ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የመከራው ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው። የፍሪጅ ጋዝ አያልቅም። ኮምፕረሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው ጋዝ ይግልና ሙቀቱን በጀርባዋ ባለው ቱቦ አውጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ እንደ ክር በቀጠነ ቱቦ አልፎ ወደ ፍሪዘሩ ሲገባ ግፊቱ ይወርድና ይፈላል፤ ሲፈላ ከምግቡና ከጠርሙሱ ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ተመልሶ ይጨመቃል። ያው ጋዝ 20 ዓመትም ቢሆን ሲዞር ይኖራል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፤ ሌላ መንገድ የለውም። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት ደግሞ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። የላሊበላን ቅዳሜ ገበያ የማያውቅ ካለ፣ ላስታ በሙሉ ጤፉን፣ ማሩን፣ ፍየሉን ይዞ የሚወጣበት ቀን ነው። ከአንድ ባለ እጅ ጋሪ ጋር ተስማማሁና ፍሪጇን ጫንናት። ባለ ጋሪው «ልናስተኛት ነው» አለኝ፣ አስተኛናት። (ፍሪጅ ቆሞ ነው የሚጓዘው። ከተኛ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይፈሳል፤ ካቆሙት በኋላም ሰዓታት ሳያሳርፉ ማስነሳት ኮምፕረሰሩን ሊገድለው ይችላል። ይህንን በኋላ ነው የሰማሁት።) ያቺ ነጭ ፍሪጅ በጀርባዋ ተኝታ በፍየሎቹ መካከል ስታልፍ የማውቀው ሰው ሁሉ አቆመኝ። «ምን ነካት?» «አስከሬን መስሎኝ ክው አልኩ!» «ሸጣችኋት እንዴ?» ከገጠር የመጡ አንድ አባት እጄን ይዘው «ልጄ፣ ስንት ትላታለህ?» አሉኝ፤ እንደማትሸጥ ባስረዳቸውም አላመኑኝም፤ ገበያ መካከል ዕቃ ይዞ የማይሸጥ ሰው አይተው አያውቁምና ዋጋ ጨመሩልኝ። ቁልቁለቱ ላይ ገመዱ ላላ፣ የፍሪጇ በር ተከፈተ፣ አክስቴ ከውስጥ ያላወጣችው አንድ ድስት ቂንጬ ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ። ሴቶቹ ሳቁ፣ ልጆቹ ተከተሉን። ድስቱን አንስቼ በክንዴ ሥር ይዤ መንገዴን ቀጠልኩ። ማን ነበር ያላየኝ? የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ አዩኝ።

ጋዝ የሚሞላው ሰው የአስጎብኚ መኪኖችን ኤሲ የሚሠራ ነው፤ በመኪና ሥራው የሚታማ አይደለም። ያለው ግን አንድ ዓይነት ጋዝ ብቻ ነው፣ 13.6 ኪሎ በሚይዝ ሰማያዊ ሲሊንደር ያለ «134ኤ»። በፍሪጇ ጀርባ ያለችው ወረቀት ደግሞ የነበልባል ምልክት አለባት፤ «አር 600ኤ፣ 52 ግራም» ትላለች። ማናችንም አላነበብናትም። ሞላልን፣ ኮምፕረሰሩ ጮኸ፣ ፍሪዘሩ ውርጭ ያዘ። በዚያው በፍየሎቹ መካከል፣ በዚያው ጥያቄ፣ ተመለስን። ሌሊቱን በረደች። በነጋው ተመልሳ ለብ አለች።

አሁን ስለዚህ ጋዝ ትንሽ ላውጋችሁ። 134ኤ ማለት ፍሎሪን ያለበት ቴትራፍሎሮኢቴን ነው። ቀለም የለውም፣ አይቀጣጠልም፤ በባሕር ወለል ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ለፍሪጅ፣ ለመኪና ኤሲ፣ ፎም ለመንፋት ያገለግላል። አክስቴ አስም አለባትና በደረቷ የምትይዛት መንፊያ መድኃኒቱን የሚገፋላትም ብዙ ጊዜ ይኸው ጋዝ ነው፤ ይህን ስነግራት ማመን አቅቷት መንፊያውን ገልብጣ አየችው። ያቺን ታህል መጠን አትጎዳም። ጉዳቱ ሲበዛ ነው። ከአየር ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳልና ወለል ወለሉን ይተኛል፣ ኦክስጅኑን ይገፋል፤ ብዙ የማገው ሰው የልቡ ምት ሊዛባ ይችላል። ፈሳሹ ቆዳ ከነካ እንደ ውርጭ ያቃጥላል። እሳት ካገኘ ደግሞ እሱ ራሱ ባይነድም ተበታትኖ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ይሆናል።

የዚህ ዘር አያት የሆነው «ፍሪዮን» እ.ኤ.አ. በ1928 ነው የተሠራው። ከዚያ በፊት ፍሪጅ በአሞኒያና በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሠራ ነበር፣ ሲያፈስ ቤተሰብ ይገድል ነበር። ቶማስ ሚጅሊ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት አዲሱን ጋዝ ወደ ሳንባው ሳበና በተነፈሰው ሻማ አጠፋ፤ አይመርዝም፣ አይነድም ማለቱ ነው። ሁለቱም እውነት ነበር። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ ያ የማይነድ የማይበሰብስ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ክሎሪኑ የኦዞንን ሽፋን እንደሚበላ አሳዩ። የሞንትሪያል ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1987 ተፈረመ፣ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1994 ገባችበት። 134ኤ የመጣው ያንን ለመተካት ነው፤ ክሎሪን ስለሌለው ኦዞንን አይነካም። አየሩን ግን ያሞቃል፤ አንድ ኪሎው በ100 ዓመት ሲሰላ 1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ ዓለም ይህንንም ቀስ በቀስ ሊቀንስ ተስማማ። በአክስቴ ቤት ከአንዲት ቀዳዳ የወጣው ጋዝ ኪጋሊ ድረስ የተመከረበት ነው። ዝናብ ጠብቆ የሚያርስ አገር ይህንን ነገር የሌላ ሰው ጉዳይ ሊያደርገው አይችልም፤ እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

ወደ ወጋችን። ደሴ የማቀዝቀዣ ጥገና የተማረች የአጎቴ ልጅ ለበዓሉ መጣች። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ፍሪጇን ዞራ ወረቀቷን አነበበችና «ጋሼ፣ ይህን ማን ነው የሞላው?» አለችኝ። መኪና የሚሠራው ሰውዬ ነው ብዬ ጀመርኩ፣ አልጨረስኩም። 600ኤ የሚባለው አይሶቡቴን ነው፣ የማብሰያ ጋዝ ዘመድ። አየሩን ከ134ኤ ጋር በማይወዳደር መጠን በጥቂቱ ብቻ ነው የሚያሞቀው፤ ግን ይነዳል፣ ለዚያ ነው በየፍሪጁ በግራም ብቻ የሚገባው። ለአንዱ የተሠራ ኮምፕረሰርና ዘይት ለሌላው አይሆንም።

ቤቱ ውስጥ ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ቡናው ቶና ደርሷል፣ አያታችን መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል፣ ብርዱን ፈርተን መስኮቱን ዘግተናል። ልጅቷ «እትዬ፣ እሳቱ ይውጣ፣ አያም ወደ ውጭ ይውጡ፣ በሩም መስኮቱም ይከፈት» አለች። አክስቴ «ቡናዬን ሦስተኛ ሳልደርስ? በረካው ሳይጠጣ?» ብላ ተቆጣች። ልጅቷ አልተከራከረችም፤ መሣሪያዋን መልሳ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችና ቆመች። እሳቱ ወጣ። ጋዙ ከባድ ነው፣ ወለሉን ነው የሚይዘው፣ ዝቅ ብለው የተኙትን ነው መጀመሪያ የሚያገኘው፤ በዚያ ላይ ፍም።

ፍሪዘሩን አረፋ ቀባችው፣ በቀረው ግፊት ቢላዋው የነካው ቦታ ላይ አረፋው ቡፍ ቡፍ አለ። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ግፊቱ አነሰ ብሎ «ከበያጁ ቤት ኦክስጅን ላምጣላችሁ?» ሲል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከለከለችው፤ ኦክስጅን በግፊት ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ በዚህ የሞቱ ባለሙያዎች አሉ። ቀዳዳውን በማጣበቂያ ደፈነችና ሲደርቅ አየሩን በቫኪዩም ፓምፕ መምጠጥ ጀመረች። የጌጁ መርፌ ወረደ፣ ወረደ፣ 22 ላይ ቆመ። ጌጁ ላይ የተጻፈው መጨረሻ 30 ነው። «ፓምፗ ደክማለች» አሉ ከበው የሚያዩት። እሷ ግን ረክታ ነበር። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር እያመዛዘነ ነው፤ በላሊበላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ሙሉ ባዶ ቢሆንም መርፌው ከ22 ብዙም አያልፍም። በዚሁ ምክንያት ነው ውኃ እዚህ 92 ዲግሪ ሳይሞላ የሚፈላው፣ ባቄላውም ሳይበስል የሚያድረው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ወይ ደህናዋን ፓምፕ ይጥላል፣ ወይ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል።

52 ግራም በምን ይመዘን? የሽንኩርት ሚዛን አይሆንም። እንደገና እኔ ተላክሁ፤ መስቀል የሚሠራ ብር አንጥረኛ ጋ ሄጄ ሚዛኑን ለመንኩ። «ፍሪጅ ልትመዝንበት ነው?» አለኝ፣ የቅዳሜውን አይቶ ነበርና። ጋዙን ነው አልኩት፣ ጋዝ ይመዘናል ወይ ብሎ ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ። ከደሴ ያመጣቻትን ትንሽ የ600ኤ ቆርቆሮ በብሩ ሚዛን ላይ አስቀምጣ፣ ቁጥሩ በ52 ግራም እስኪቀንስ ድረስ በቀስታ ለቀቀች። ጋዙን ያስገባችበትን ቱቦ ጫፍም በእሳት አልበየደችውም፣ በመቆንጠጫ ዘጋችው።

ፍሪጇ ለገና ደረሰች። የጎረቤታችን ኢንሱሊን፣ እስከዚያው ድረስ መድኃኒት ቤት በአደራ የተቀመጠው፣ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። አክስቴ አሁን በረዶ የሚፈነቅል ሰው ካየች ፍሪጇን ከሶኬት ነቅላ በሩን ከፍታ ትተወዋለች፤ በረዶው ራሱ ይወርዳል።

እናንተም ዛሬ ቤት ስትገቡ ፍሪጃችሁን ዞር አድርጋችሁ ወረቀቷን አንብቡ፤ የጋዙን ስምና ግራሙን በወረቀት ላይ ጻፉት። ጋዝ የሚሞላ ሰው ስትጠሩ መጀመሪያ «ቀዳዳው የት ነው?» በሉት። ቀዳዳውን ሳያሳያችሁ ልሙላ ካለ አታስሞሉ።