የቴሌቪዥን ወጥ በሶዶ ችሎት

የቅዳሜና እሑድ የምግብ ዝግጅት በመባል የሚታወቀው የቴሌቪዥን መሰናዶ፣ አንዲት አቅራቢ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ቆብ ከደፋ ሼፍ ጎን ቆማ፣ በማስታወቂያ እየተቆራረጠ በሚሄድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ወጥ ተሠርቶ የሚቀመስበት፣ የተቀመሰውም ሳይጣፍጥ ቀርቶ የማያውቅበት ሥርዓት ነው። በኢቢኤስ ሲቀርብ እንደቆየው «ጆርዳና ኩሽና» ለማብሰል ብቻ የቆመ ዝግጅት አለ፤ በረጅም የመዝናኛ ፕሮግራም መሀል በዘፋኝና በጥያቄና መልስ ተከቦ የሚገባም አለ። ይህ ጥናት የሚመለከተው ግን ምድጃው ፊት የቆሙትን ሳይሆን በወላይታ ሶዶ ሳሎኖች ተቀምጠው የሚፈርዱባቸውን ነው፤ ከዝግጅቱ ተምሮ ያበሰለ ሰው በከተማው ለማግኘት የሚያስቸግረውን ያህል፣ በዝግጅቱ ላይ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘትም ያስቸግራልና።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት፤ ለዚህ ጥናት ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የከተማዋ ጓዳ ከስቱዲዮው ምድጃ ጋር ያለው ዝምድና የሩቅ መሆኑ ነው። በስቱዲዮ ላዛኛ ሲጋገር በሳሎኑ ቆጮ፣ ቦዬ ወይም ጎደሬ ይበላል፤ «ኦቨናችሁን 180 ዲግሪ ላይ አሙቁ» የሚለው ትእዛዝም ኦቨን በሌለበት ቤት እንደ ውጭ አገር የአየር ጠባይ ዘገባ በጨዋነት ይደመጣል። የችሎቱ ሰብሳቢ በዕድሜ የገፉት የቤቱ እናት ናቸው። ቡና ስለሚቆሉ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው መቀመጣቸው ፍርዱን ያዛባ ይሆን ብሎ የሚሰጋ ቢኖር ሥጋቱ ከንቱ ነው፤ ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ ሲገባ ከሚያሰማው ድምፅ ብቻ የዘይቱን አለመጋል ለይተው፣ ዞር ሳይሉ «ቸኮለች» ይላሉ። ወንዶቹ በበኩላቸው የወላይታ ድቻ ወይም የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እስኪጀምር ሪሞቱን ጨብጠው የሚጠባበቁ፣ «ይሄ አሁን ምግብ ነው?» ከሚል አንድ ጥያቄ በቀር ለዘርፉ ያበረከቱት የሌለ ወገን ናቸው።

ከአስተያየቶቹ ሁሉ ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዘው «የከታፊው ጥያቄ» ሊባል የሚችለው ነው። ዝግጅቱ ሲከፈት ሽንኩርቱ ተልጦና ደቅቆ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተወቅጦ፣ ቲማቲሙ ተከትፎ በትናንሽ የመስተዋት ሳህኖች ተደርድሮ ይገኛል፤ የአቅራቢዋ ድርሻ ሳህኖቹን በየተራ እያነሡ መገልበጥ ነው። ተመልካቹም ወዲያው ማን ከተፈው ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የሙያን፣ ማለትም ሰው በጓዳው የሚያተርፈውን ስም፣ መሠረት የሚነካ ነው። ዶሮ ወጥ ልሥራ ብሎ የተቀመጠ ሰው አሥራ ሁለቱ ብልቶች ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሚያጋጥመው ኪሎ ኪሎ ሽንኩርትና ዕንባ ነውና፣ ዕንባ ያልፈሰሰበት ወጥ በማን ስም እንደሚመዘገብ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ወገን ከካሜራው ጀርባ ስሟ የማይጠራ አንዲት ልጅ አለች፣ ባለሙያዋም እሷ ናት ይላል። ሌላው ወገን አቅራቢዋ ከመኳኳሏ በፊት ራሷ ከትፋው ይሆናል ብሎ ይሟገትላታል፤ ይህን የምትለው ምራት ከሆነች ግን የምትሟገተው ለራሷ መሆኑ ከአማቷ ዝምታ ይታወቃል። የቁሌቱም ጉዳይ ከዚሁ አይለይም። ከአንድ የማስታወቂያ ዕረፍት በኋላ ቁሌቱ ቀልቶና ደርሶ ይገኛል፤ ይህ በሶዶ ስሌት የሚሆነው ማስታወቂያው ሁለት ሰዓት ከፈጀ ብቻ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ያን ያህል መፍጀቱን የሚመሰክሩ አልጠፉም።

ቀጥሎ የእጅ ምርመራ ይመጣል። ቀለም የተቀባ ጥፍር፣ ከጣት ያልወለቀ ቀለበት፣ በሻሽ ያልታሰረ ፀጉር እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክስ አላቸው። ሼፉ ወንድ በመሆኑ ጥፍሩ አይመረመርም፤ ጣቱን ሶሱ ውስጥ ነክሮ ቢልስ «እሱማ ተምሮት ነው» ይባላል፤ እሷ ብታደርገው ግን ጉዳዩ እስከ አሳዳጊዎቿ ይደርሳል። (ችሎቱ በዚህ ነጥብ ላይ አድልዎ እንዳለበት መካድ አይቻልም።) በአገሩ ልማድ ወጥ የሚቀመሰው ከጭልፋው መዳፍ ላይ ጠብ ተደርጎ ነው። በስቱዲዮ በማንኪያ ስለሚቀመስ፣ ማንኪያው ከአፍ ወጥቶ የሄደበትን ካሜራው ካላሳየ ወደ ድስቱ እንደተመለሰ ተቆጥሮ ይወሰናል። የጎደለውን ማስረጃ ከራስ ማሟላት በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. በቦስተን የቴሌቪዥን ዝግጅቷን የጀመረችው አሜሪካዊቷ ጁሊያ ቻይልድ፣ ስትገለብጠው ምድጃው ላይ የወደቀባትን የድንች ቂጣ አንሥታ ወደ መጥበሻው ብትመልስ፣ ከዓመታት በኋላ የወደቀው ዶሮ ነበር፣ ያውም ወለሉ ላይ ብለው የሚምሉ ተመልካቾች ተገኝተዋል። ድንች በሰው ትዝታ ውስጥ ዶሮ ለመሆን የሚያስፈልገው ጊዜ በቦስተን ዓመታት ቢሆንም፣ በሶዶ ከእሑድ እስከ ሰኞ በቂ ነው።

ጾምን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የወንጌል ሰባኪዎች በ1920ዎቹ መባቻ ወላይታ ከደረሱ ወዲህ ፕሮቴስታንቱ ከኦርቶዶክሱ ጋር አንድ ሰፈር፣ ብዙ ጊዜም አንድ ቤት፣ ይጋራልና፣ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ስቱዲዮው ሽሮና አትክልት ብቻ ሲያቀርብ አንዱ ወገን ሰለቸን ይላል፤ አቅራቢዋ ተሳስታ ቅቤ ስትጠራ ደግሞ ሌላው ቻናል ይቀይራል።

ፍርዱን ሊያስተጓጉል ይችላል ተብሎ የሚጠበቀው መብራት ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ቁመቱ 243 ሜትር፣ የማመንጨት አቅሙም 1,870 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ ይህ ሁሉ አቅም ልክ ጨው ሲጨመር መብራት እንዳይሄድ አያግድም። ሆኖም ችሎቱ በጨለማም ይቀጥላል፤ ጨው በዝቷል የሚሉና ጭራሽ አልገባም የሚሉ ወገኖች ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ይከራከራሉ፤ መብራቱ ሲመለስ ዜና ተጀምሯል።

ክርክሩ ጣሪያ የሚነካው ግን ስቱዲዮው «ዛሬ ደግሞ የወላይታ ምግብ እንሠራለን» ያለ ዕለት ነው። ዳጣ፣ ማለትም አረንጓዴ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቅመማ ቅጠል ጋር በድንጋይ ተፈጭቶ ለቁርጥ የሚቀርበው ማባያ፣ በስቱዲዮ በብሌንደር ይመታል፤ ሳሎኑም ውጤቱን «ጁስ» ብሎ ይመዘግባል። አቅራቢዋ በምላሷ ጫፍ ቀምሳ ዓይኗ ዕንባ ሲያቀርርና ውኃ ስትጠይቅ ግን ችሎቱ ለአፍታ ይራራላታል፤ በመሰናዶው ታሪክ ያለ ጥርጥር እውነት ነው ተብሎ የተያዘ የቅምሻ አስተያየት ይህ ብቻ ነው።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል በሚውለው እሑድ ስለሚከበር፣ በየትኛውም ዓመት ከእሑዱ የምግብ ዝግጅት ጋር መገጣጠሙ አይቀርም። ለበዓሉ አቅራቢዎቹ ዱንጉዛ ለብሰው ቁርጥ በዳጣ፣ እንዲሁም ከእንሰት ተዘጋጅቶ በቅመም ቅቤ የሚታሸውን ሙቹዋ ቢያቀርቡ፣ በሶዶ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥ ሰው አይኖርም፤ ወንዱ ዓመቱን ሙሉ ባጠራቀመው ገንዘብ የገባበት ቅርጫ ላይ፣ ሴቷም በቅቤ ዕቁብ የሰበሰበችውን ቅቤ ይዛ ጓዳ ናት። በማግሥቱ ግን ዳጣው ቀጥኖ እንደነበር፣ ቅቤው ሳስቶ እንደነበር፣ ሥጋ የተቆረጠበትም ቢላዋ እንዳልተሳለ ከተማው በአንድ ድምፅ ይናገራል። ዝግጅቱን ማን እንዳየው ሲጠየቅ ጎረቤት ይጠቆማል፤ ጎረቤት ደግሞ ከእናንተው ነው የሰማሁት ይላል።