ፈረንጁ የተሳሳተው የት ላይ ነው?

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ቡና የምጠጣበት ቤት ግድግዳ ላይ የአሮጌ ሥዕል ቅጂ ተሰቅሏል። መንገደኛ ፈረንጅ የነደፈውን፣ ጎንደርን በዓይኑ ያላየ የአውሮፓ ቀራጭ እንጨት ላይ ቀርጾ ያተመው ዓይነት ነው፤ ያኔ የጉዞ መጻሕፍት ሥዕል የሚሠራው እንዲያ ነበር። ሣር ክዳን ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅጥሩ ሥር አህያ የሚነዳ ልጅ፣ ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች፣ በፈረስ የተቀመጠ ባለ ጋሻ። ከበስተኋላ ደግሞ፣ በደጋው ብርድ ማን እንዳበቀለው እንጃ፣ የበረሃ ተምር።

«ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት» ይላሉ ጥጉን የያዙት ጋሼ።

«ሥላሴ እኮ አራት ማዕዘን ነው፣ ጋሼ።»

«ፈረንጁ ተሳስቶ ነው።»

ጥቂት ቆይተው ባለ ጋሻውን በጣታቸው እየነኩ ቅድመ አያታቸው መሆኑን አጫወቱኝ። በምን አወቁት? በአፍንጫው! ፈረንጅ የሕንፃ ማዕዘን ይስታል እንጂ የቅድመ አያት አፍንጫ አይስትም።

ወዲያ ያለው «ልደታ ናት» አለ፤ ሌላው «አጣጣሚ ሚካኤል»። አርባ አራት ታቦት ያለው ከተማ ልጅ ለክርክር አይቸገርም። አርባ አራቱን ቆጥሮ የጨረሰ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሠላሳ ላይ ሲደርሱ ይጣላሉ።

ከሥዕሉ ጎን፣ በእኩል ክፈፍ፣ ሹሩባቸውን የተሠሩት አፄ ቴዎድሮስ አሉ። አብያተ ክርስቲያናቱን ማን አቃጠለ ብትሉ ቤቱ በአንድ አፍ «ድርቡሽ!» ይላል። እውነት ነው፣ በ1880 ዓ.ም. አቃጥሏል። ከዚያ ሥላሴን ያዳኑት ንቦች ይተረካሉ፤ መንጋው ከዓመት ዓመት ይበዛል፣ አሁንማ ቀፎ አይበቃውም። ከድርቡሽ 21 ዓመት በፊት፣ በ1859 ዓ.ም.፣ ጎንደርን አስዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን በእሳት ያስበሉት ግን እነዚሁ ከጎኗ የተሰቀሉት ንጉሥ ናቸው። አንድ ጠዋት አፌ አላርፍ ብሎኝ ይህንኑ ተናገርሁ። ስኒ እንኳ አልተንኳኳም።

«እሱን ፈረንጅ ነው የጻፈው» አሉ ጋሼ።

«የቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት አለቃ ወልደ ማርያምም ጽፈውታል።»

«እሳቸውም ተቀይመው ነው።»

የቡናዬን ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። በማግስቱ ግን ያው ወንበሬ ላይ ነበርሁ፤ እኔስ ከማን እሻላለሁ፣ ባለ ጋሻውን ሰርቄ እያየሁ አፍንጫዬን ስዳስስ ራሴን ያዝሁት።

ባለፈው ሳምንት እመቤቲቱ ግድግዳውን አስቀብታ ክፈፎቹን አዛወረቻቸው። ቴዎድሮስ ከበሩ በላይ ሆነው ገቢ ወጪውን ይቆጣጠራሉ። ቤተ ክርስቲያኗ ጀበናው ከሚጣድበት ከሰል ምድጃ በላይ ተሰቅላለች። ተምሩ ከወዲሁ ጠቁሯል፤ ጭሱ አሁን ጣሪያዋ ላይ ደርሷል።