ሹፌሮች የሚያድሩበት

በአገራችን ክፍል የሚከራይ መንገደኛ የለም፤ የምንከራየው አልጋ ነው። «አልጋ አለ?» ብለን እንገባለን፤ «አልጋው ስንት ነው?» ብለን እንከራከራለን፤ «አልጋ ይዣለሁ፣ አታስቡ» ብለን ለቤተሰብ እንደውላለን። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ውሃው፣ ጸጥታው ከነገሩ ውስጥ የሉበትም። አከራዩም ቃሉን ጠባቂ ነው። አልጋ ጠየቅነው፤ አልጋ ሰጠን። የቀረው ቢጎድል ጥፋቱ የጠያቂው ነው።

ይህ የገባኝ ብልባላ ላይ መሽቶብን ነው። ብልባላ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የላስታ ከተማ ናት። ጠዋት ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ከሰዓት በኋላ ብልባላ ጊዮርጊስን ተሳልመን፣ ወደ ላሊበላ የሚመለስ መኪና ስንጠብቅ ፀሐይዋ ቀደመችን። እኔን ሲጨንቀኝ ባልንጀራዬ ፊቱ በራ። አልጋ መምረጥን እንደ ሙያ የያዘ ሰው ነው። ደሴ ላይ፣ ወልዲያ ላይ፣ ጋሸና ላይ ያደረባቸውን አልጋዎች ሽማግሌ የዘመተባቸውን ጦርነቶች እንደሚቆጥር ይቆጥራቸዋል። ስለ አንዳቸውም «ደህና እንቅልፍ ተኛሁበት» ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም። «በስንት እንደጨረስኩት ታውቃለህ?» ነው የሚለው።

መጀመሪያ የገባንበት ቤት ርካሽ ነበር። ባልንጀራዬ ዋጋውን ሲሰማ ዓይኑ ጠበበ፤ የተሰረቀ በሬ በርካሽ የቀረበለት ገበሬ መሰለ። «በዚህ ዋጋ ከሆነ አንድ ነገር አለበት» አለኝ በጆሮዬ። አልጋውን ሳናየው ወጣን። ምንም ሳንጠጣ መውጣት ስላሳፈረን ግን ሁለት ሻይ ከፈልን።

ሁለተኛው ቤት ውድ ነበር። በሩ ላይ ኮከቦች ተስለዋል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ የአዲስ አበባን ሆቴሎች እየመዘነ ኮከብ መስጠቱን አስታውሳለሁ። እዚህ ኮከቡን የሰጠው ቀለም ቀቢው ነው። አምስት ቆጠርን። «ስድስተኛው ቦታ አጥቶ ነው» አለ ባልንጀራዬ። ደግሞ ሁለት ሻይ ጠጥተን ወጣን።

ሦስተኛው ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት አይሱዙ ቆመዋል። ባልንጀራዬ መኪኖቹን ሲያይ ጠፍታ የተገኘች ላሙን ያየ ያህል ፈጠነ። «በቃ! ሹፌሮች የሚያድሩበት ነው!»

ይህ ሕግ በጽሑፍ አይገኝም እንጂ ከሞያሌ እስከ ሑመራ የጸና ነው። ሹፌር የበላበት ብላ፤ ሹፌር ያደረበት እደር። መንገዱን የሚያውቅ እሱ ስለሆነ ጥሩውንም የሚያውቅ እሱ ነው ማለት ነው። ምግቡ ላይ አልከራከርም፤ ሹፌር ሆዱን ያውቃል። አልጋው ላይ ግን ሕጉን ያወጣው ሰው አንድ ነገር ዘሎታል። ሹፌር ሲመሽበት የሚፈልገው አይሱዙ የሚያዞር ሰፊ ግቢ፣ የማይተኛ ዘበኛና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳያጉረመርም በር የሚከፍት ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱም ስለ ፍራሽ አያወራም። ይህን ልናገር ስል ባልንጀራዬ ደረጃውን እየወጣ ነበር።

ምርመራው ተጀመረ። ፍራሹን የፋሲካ በግ እንደሚገዛ ሰው ወገቡን ጨበጠ፣ ጎኑን ደቆሰ። አንሶላውን ገልጦ በስልኩ መብራት ትኋን ፈለገ። ትራሱን አሸተተ። ቁልፉን ሦስት ጊዜ አዙሮ ዘጋ፣ ሦስት ጊዜ አዙሮ ከፈተ፤ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ከበሩ ሁለት ክንድ ርቆ ያለውን መስኮት፣ በሽቦ የታሰረውን፣ አላየውም። መመርመር ያለበት በር ነው ብሎ ስላመነ መስኮት በፕሮግራሙ የለም። ከዚያ ክፍሉን ወደምታሳየን ልጅ ዞረ።

«እህቴ፣ ሙቅ ውሃ አለ?»

«አለ።»

«መብራትስ?»

«አለ።»

«ሻወሩ ይሠራል?»

«ኧረ ይሠራል ጋሼ።»

ሁሉም እውነት ነበር። የኛ «አለ» መኖርን እንጂ ጊዜንና ቦታን አይናገርም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቧንቧው ሲያንቋርር ሰምቶ በደረጃው ላይ «እህቴ፣ ውሃው አለ አላልሽም?» ብሎ ሲጮኽ፣ ልጅቷ ከታች ሆና ምንም ሳትደናገጥ መለሰች፦ «አለ እኮ፤ የሚመጣው ማክሰኞ ነው።» ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጀሪካን ለብ ያለ ውሃ ይዛ መጣች። አልዋሸችንም። መጠየቅ ያለብን «አሁን ይወርዳል?» ብለን ነበር።

ዋጋው ላይ ግን ባልንጀራዬ ድል አደረገ። ባለቤቷ እድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። «እናቴ፣ እኛም ያው ልጆችዎ ነን፣ ትንሽ አስተያየት ያድርጉልን» እያለ ግማሽ ሰዓት ሲሟገት ቆይቶ ሃምሳ ብር አስቀነሰ። አራቱ ሻይ ስልሳ ብር እንደነበር ላስታውሰው አሰብኩና ተውኩት፤ የደስታው ተካፋይ መሆን መረጥኩ። ሴትዮዋ «እሺ ይሁን፣ ብቻ ሰው ይግባበት» ሲሉ ግን ደስታዬ ቀነሰ። ለዚህ አገር ቃሉ ከባድ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና እንግዳውን አስቀረው፤ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። በላስታ ሰው ያልተኛበት አልጋ ሲራገፍና ሲነጠፍ የከረመበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ባልንጀራዬ የሃምሳ ብሯን ታሪክ እስከ ዛሬ ያወራታል፤ የሴትዮዋን ቃል ግን የሰማው አይመስለኝም።

ሌሊቱን ልናገር። ከእኛ ክፍል ሥር ግሮሰሪ አለ፤ ግሮሰሪው ሞንታርቦ አለው። ሲመረምር ሙዚቃው ስላልተከፈተ ባልንጀራዬ ወለሉን አልጠየቀም። ግድግዳው ቺፑድ ነው፤ የጎረቤታችን ሰውዬ «ላሊበላ ነኝ፣ ደህና ሆቴል ይዣለሁ» ብሎ ለሚስቱ ሲያስረዳ ከጎኔ ያለ ያህል ሰማሁት። ሸበጡ ሁለቱም የግራ ነው። ቅዝቃዜው በሽቦ ከታሰረው መስኮት ገብቶ የቱ አልጋ እንደሚሻለው ሳይጠይቅ ሁለታችንም ላይ ተኛ። ከዚያ ሁሉ ዕቃ አስተዋይ ሆኖ ያገኘሁት አልጋው ሥር በዝምታ የተቀመጠው ፖፖ ብቻ ነው። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ መሆኑን፣ ደረጃው መብራት እንደሌለው፣ ውሻውም እንደተፈታ እያወቀ የሚጠብቅ ዕቃ ነው።

እንቅልፍ ሲጠፋ ሐሳብ ይገባል። ላሊበላና አካባቢዋ ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ በውጭ ደረጃ የሚወጣባቸው፣ ክብ ባለ ደርብ ቤቶች አሏቸው። ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው ያድርባቸው ነበር። የላሟ ሙቀት ወደ ላይ እየወጣ ባለቤቱን ያሞቀዋል። እኛ ደግሞ ሠልጥነን ላሟን አስወጣንና በቦታዋ ግሮሰሪ አስገባን። ሙቀቱ ቀረ፤ ድምፁ መጣ። ላም ሌሊት ብትመኝ ብትመኝ አንድ ጊዜ «እምቧ» ብላ ታበቃለች። ያው ዘፈን ስምንት ጊዜ አትደግምም።

የአገሬው መንገደኛስ ድሮ አልጋ መረጠ እንዴ? ሲመሽበት ከአንዱ ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ድምፅ ይመጣል። አለቀ። ትራስ የሚያሸት፣ ቁልፍ የሚያዞር የለም፤ ቁርበት ተነጥፎለት፣ እግሩ ታጥቦ፣ ከቤቱ የተገኘውን በልቶ ይተኛል። አዲስ አበባ ላይ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በከፈቱ ጊዜ ሰው በገንዘብ እንጀራ መብላት ነውር መስሎት መኳንንቱን ማለማመድ ከባድ ሆኖ ነበር ይባላል። ዛሬ ነውሩ ተገልብጧል፤ የተጠየቀውን ዋጋ ሳይከራከር የከፈለ ነው ሞኝ የሚባለው። በላሊበላ የገና በዓል ሲደርስ ግን አሮጌው ሥርዓት ብቅ ይላል። ከየአውራጃው ቀናት በእግሩ ተጉዞ የመጣው ምዕመን አልጋ አይጠይቅም፤ ነዋሪው እግሩን ያጥበዋል፣ ያበላዋል። በዚያው ሳምንት ትልልቆቹ ሆቴሎች በር ላይ ደግሞ «አስቀድሜ ይዤ ነበር» የሚል ሰው ከእንግዳ ተቀባይ ጋር ይነታረካል። ነጠላውን ተከናንቦ ሜዳ ላይ የተኛው ያንኮራፋል።

በዚያው ዕለት ጠዋት ይምርሐነ ክርስቶስ ስንደርስ ዋሻው ውስጥ፣ እንጨትና ግንብ እየተፈራረቁ ከታነጸው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከሩቅ አገር መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው የሚባሉ ምዕመናን አፅም አይተን ነበር። ባልንጀራዬ እዚያም ቆሞ «እነዚህ ሁሉ ሰዎች የት ያድሩ ነበር?» ብሎ ዲያቆኑን ጠይቆታል። ዲያቆኑ አላፈረበትም፤ ዝም ብሎ ወደ ዋሻው አመለከተው።

በአልጋ ምርጫ የማይታሙት ግን የብልባላ ጊዮርጊስ ንቦች ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ ሰፍረዋል፤ ማራቸውን ሕዝቡ ለፈውስ ይወስደዋል። ንብ በዚህ አገር ተራ እንግዳ አይደለም። ሕፃኑ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡትና እናቱም ንግሥናውን ንብ ዐወቀለት እንዳለች ይተረካል። ንጉሥ ለይቶ የሚያውቅ ፍጡር ማደሪያውንም ሲለይ ግድግዳ መረጠ። የእኛ ባለሙያ ስንት ነገር ሲመረምር ያልነካው ግድግዳን ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የአይሱዙ ሞተር ተነሣ። ያን ጊዜ ሞንታርቦው ዝም ካለ አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው። ባልንጀራዬ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሁለቱን የግራ ሸበጥ አድርጎ፣ እያነከሰ ወደ ግቢ ወረደ፤ ተከተልኩት። ሹፌሩ ጋቢ ተከናንቦ መስታወት ይወለውላል። ባልንጀራዬ ቀረብ ብሎ እንደ ሙያ አጋር ሰላምታ ሰጠውና «ለመሆኑ የቱ ክፍል ነው የያዝከው? የኛ ትንሽ ድምፅ ነበረበት» አለው።

ሹፌሩ ገረመው። «እኔ ምን ክፍል እይዛለሁ ወንድሜ? ዕቃ ጭኜ! ጋቢና ውስጥ ነው ያደርኩት። ስመላለስ ዓመቴ ነው፤ ፎቁን ወጥቼው አላውቅም።»

«ያኛውስ መኪና?»

«እሱም እንደኔው ነው።»

ባልንጀራዬ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። መኪኖቹ አቧራቸውን አስነሥተው ወደ ሰቆጣ ሲያቀኑ ስልኩ ጮኸ። አማቹ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለመሳለም ሊመጣ አስቧል፤ ብልባላ ላይ ቢመሽበት የት ይደር? ባልንጀራዬ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወደ እኔ ግን አላየም።

«አታስብ፣ እኔ ያደርኩበትን ያዝ። ዋጋውን ከእኔ ጋር ነው የተነጋገሩት በላቸው፤ ሃምሳ ብር ይቀንሱልሃል። ኧረ ቤቱ አስተማማኝ ነው! ሹፌሮች የሚያድሩበት ነው።»