ስለ ዝልግልግ ነገር

የእህቴ ልጅ ከቶሮንቶ ያኔ እኖርባት እስከነበረችው የሱዳኗ ገዳሪፍ ድረስ ተሸክማው የመጣችው የባሕር አረም ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ስሙ ሲ ሞስ ነው። ደርቆ ሲታይ በጨው የታሸ ቃጫ ይመስላል። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ያብጣል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ ይረጋል። በዚያ የገዳሪፍ ሙቀት፣ መብራቱ መጣሁ ሄድኩ በሚልበት ሰሞን፣ የቀዝቃዛ ውሃችንን ቦታ ይዞ ተቀመጠ። በጭማቂ ይጠጣል፣ ወጥ ያወፍራል፣ ለቆዳ ነው፣ ለፀጉር ነው። ይሁን። ያልቻልኩት የመጨረሻዋን ነው፤ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር እኮ እዚህ የለም!»

ገዳሪፍ ላይ? ዝልግልግ ነገር የለም?

ጎረቤታችን ሐጃ ወይካ ስትሠራ ያላየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ባሚያው ፀሐይ ላይ ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ ከሚፈላው ሙላሕ፣ ከወጡ ማለት ነው፣ ላይ ይነሰነሳል። ከዚያ ሐጃ ሙፍራካዋን፣ ያችን ጫፏ ሰፋ ያለ እንጨት፣ ድስቱ ውስጥ ትከትና በሁለት መዳፏ መካከል ታሽከረክራታለች። ወጡ ወዲያው ክር ያወጣል። በክስራ፣ በዚያ ስስ የማሽላ ቂጣቸው፣ ስታጠቅሱት ከሳሕኑ እስከ አፋችሁ አብሯችሁ ይመጣል፤ በጣት ካልበጠሱት አይለቅም። እኛ አበሾች መጀመሪያ ፊታችንን እናጨማድዳለን፤ ቆይተን ግን ሳሕኑን የምንጠርገው እኛ ነን።

ደግሞስ ፊት ለማጨማደድ እኛ ማን ሆነን? አብሽ እየዘፈዘፍን፣ መራራ ውሃውን እየደፋን፣ አረፋ ለብሶ እስኪነጣ እየመታን የምንጠጣ ሰዎች! ተልባውስ? ተልባ ሲቆላ ምጣዱ ላይ መንጣጣት ሲጀምር ነው የሚወጣው፤ ጥቂት ከዘገዩ ያርራል። ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ በማር ውሃ ተበጥብጦ ትንሽ ይቀመጣል። መቀመጡ ላይ ነው ቤተሰብ የሚጣላው። የእናቴ ተልባ ብርጭቆው ቢዘቀዘቅ ለመውረድ ያመነታ ነበር፤ የባለቤቴ ደግሞ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ እሷ «ቀለል ያለ» ትለዋለች። በፋሲካ ሌሊት ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ቅቤ ያልነካው ጨጓራ ዶሮ ወጡን ከመቀበሉ በፊት የሚጠጣው ተልባ ቀለል ብሎ ምን ሊያደርግ ነው? ይህን ጥያቄ አንሥቼ መልስ ያገኘሁበት ዓመት የለም።

ሌላም ዝልግልግ ነገር አለ፤ ሙጫ። የገዳሪፍ ምድር የማሽላና የሰሊጥ ብቻ አይደለም፤ የሐሻብ ዛፍም አገር ነው። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ቅርፊቱ ይላጣል፤ ከሳምንታት በኋላ ከቁስሉ ላይ ማር የመሰለ እንክብል፣ የዐረብ ሙጫ የሚሉት፣ ይለቀማል። ሱዳኖች ውሃ ውስጥ አሟምተው ለኩላሊት ብለው ይጠጡታል። ዓለም ደግሞ በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ይጠጣዋል። ይበልጥ የሚያስቀው፣ የሲ ሞስ መጠጥን ስመ ጥር ያደረጉት ጃማይካውያን አረሙን ሲያፈሉ ብዙዎቹ ተልባና የዐረብ ሙጫ ይጨምሩበታል! ልጅቱ በሻንጣ የተሸከመችው ሲሶውን ነበር ማለት ነው፤ የቀረው እዚያው ገበያ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ሳቄ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል ባንኩ ተዘጋ፣ መለዋወጫው ጠፋ፤ ለሙጫው ግን ቀዳዳ ተበጀለት። ለስላሳው እንዳይቋረጥ! በእሾህ መሃል እጁን እየከተተ የሚለቅመው ሰው ማዕቀብ ውስጥ፣ የለቀመው ሙጫ ከማዕቀብ ውጭ። ሃያ ዓመት እንዲህ ተኖረ። ጥሬው በጆንያ ይወጣል፣ ትርፉ ሌላ አገር ይቀራል፤ ጠርሙሱ ተመልሶ ሲመጣ ለቃሚው ገዝቶ ይጠጣዋል። ይህን የሚያህል ድፍረት በየትኛው ቋንቋ ይሰደባል? እ.ኤ.አ. በ2007 በዋሽንግተን የሱዳኑ አምባሳደር የኮካ ኮላ ጠርሙስ ከፍ አድርገው ለጋዜጠኞች አሳዩና ሙጫውን እንዳንከለክላችሁ አሉ። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ሆነና ሙጫው መውጣቱን ቀጠለ።

ልጅቱ ምን አደረገች? ደግ ልጅ ናት። ሐጃ ቤት ወይካ ቀመሰች፣ ወደደችው፣ በስልኳ ቀረጸችው፤ «ልክ እንደ ሲ ሞስ ነው!» አለች። ሐጃ አልገባትም፤ ከርከዴ ቀዳችላት። ከርከዴውም ስኳር በስኳር ነበር፤ ገዳሪፍ ላይ እንግዳን ስኳር መንፈግ ነውር ነው። ይህ ሁሉ የሱዳኑ ጦርነት ሳይመጣ ነው። ዛሬ ሐጃ የት እንዳለች አላውቅም፤ እኔም ከገዳሪፍ ወጥቻለሁ፤ ደህና ወይካ አዲስ አበባ ላይ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ተልባ በስኳር የምትበጠብጡ ደግሞ፣ ማር ቢወደድባችሁም፣ እባካችሁ ባዶውን ጠጡት።