በብሉር ለማስመስከር ለሚያስቡ ሁሉ

ሙዚቃን በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ ለመማር ቆርጠው ከተነሱ ውሳኔዎን ለማንም አይንገሩ። በተለይ ኦሲንግተን ጣቢያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠው አይንገሩ። ክትፎው ሳይቀርብ ሦስቱ ነርሲንግ፣ ሁለቱ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ይመክሩዎታል። ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ «ለሙዚቃም ማስተርስ አለው እንዴ?» ይላሉ። ዝም ማለት ካቃተዎ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደን ይጥሩላቸው። የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነበሩ፤ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ተመርቀዋል። ሽማግሌው «ደመወዛቸውስ ስንት ነበር?» ካሉ ሒሳብ ከፍለው ይውጡ።

ቀጥሎ ሕንፃውን ይለዩ። ብሉር ምዕራብ መንገድ ቁጥር 273 ላይ፣ ከሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ጎን ያለው ያ የሚያምር የጡብ ቤት ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ ሮያል ኮንሰርቫቶሪ ነው። ድሮ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አካል ነበር፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ራሱን ችሎ ወጣ። እርስዎ የሚፈልጉት የሙዚቃ ፋኩልቲ ያለው በኮንሰርቫቶሪውና በሙዚየሙ መሐል በሚያልፈው ፊሎሶፈርስ ዎክ በሚባለው የእግር መንገድ ጥቂት ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ ኤድዋርድ ጆንሰን ሕንፃ ውስጥ ነው። ጆንሰን ጌልፍ የተወለደ የኦፔራ ዘፋኝ ነበር፤ ከ1935 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. የኒውዮርኩን ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መርቷል። ፈረንጅ ለዘፋኝ በስሙ ሕንፃ እንደሚያቆም ለእናትዎ ይንገሩ፤ ለጊዜውም ቢሆን ያጽናናቸዋል። ሞቅ ባለ ቀን በዚያ መንገድ ሲያልፉ፣ አንዱ ተማሪ ያንኑ አራት መስመር በመለከት ሲደጋግመው ሊሰሙ ይችላሉ። አይዘኑለት። እሱ ገብቷል።

አሁን ክፍል ይምረጡ። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወቱ ከሆነ ቅጹ የመሣሪያ ዝርዝር ሲያወርድልዎ ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ፍሉት እያለ ይሄዳል፤ የእርስዎ መሣሪያ ላይኖርበት ይችላል። አይደንግጡ፤ ኢትኖሚውዚኮሎጂ የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ክራር መግረፍ አይጠበቅብዎትም፤ ክራር ስለሚገርፉ ሰዎች መጻፍ ይበቃል። በመጫወት (ፐርፎርማንስ) ዘርፍ ካመለከቱ ግን የጨዋታዎን ቅጂ እንዲልኩ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ በአንድ ትንፋሽ የተቀዳ፣ ያልተቆራረጠ ይፈለጋል። ስለዚህ በሚቀዱበት ሰዓት እቤት ቡና እንዳይቆላ ያስጠነቅቁ። የቶሮንቶ አፓርታማ የጭስ ማንቂያ ደወል ከአንቺ ሆዬ ቅኝት ጋር አይስማማም።

ስለ ማስረጃ። ከአገር ቤት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ በመጀመሪያ የወጪ መጋራት ዕዳዎን ይክፈሉ፤ ከዚያም ውክልና የሰጡት የአክስትዎ ልጅ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ይሰለፍልዎ። «ሲስተም የለም» ሲባል ነገም ይሰለፍ። የምረቃ ዓመትዎን ሲሞሉ አቆጣጠሩን ያስተውሉ፤ በእኛ 2012 ብለው ከጻፉ በፈረንጅ ሒሳብ ስምንት ዓመት ያህል ቤት የተኙ ይመስላሉ። በክብ ማኅተምም አይመኩ። ለሀገራችን ሰው ማኅተም የሌለው ወረቀት መሐረብ ነው፤ እዚህ ግን ወረቀቱ ራሱ የለም። ቅጹ በኢንተርኔት ነው፤ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታም አልተተወለትም።

የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉልዎ መምህር ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ሊንክ ይልካል። ሊንኩ ስፓም ውስጥ ይገባል። መምህሩ ኢሜይል የሚከፍቱት ለዓመት በዓል ነው፤ ቴሌግራም ላይ ግን ሌሊትም ይገኛሉ። ስለዚህ በቴሌግራም «ጋሼ፣ ኢሜይልዎን ይዩልኝ» ብለው ይለምኑ፣ በሦስተኛው ቀን ይደግሙ፣ በሳምንቱ በሚስታቸው በኩል ያስለምኑ። ደብዳቤው ሲደርስ «ጠባየ መልካም ነው» ብቻ ይል ይሆናል። ለቀበሌ ይበቃ ነበር።

ይህ ሁሉ አዲስ ፈተና ከመሰለዎ የቤተልሔምን ያስታውሱ። የድጓ ተማሪ ደቡብ ጎንደር ቤተልሔም ወርዶ ድጓውን በመምህሩ ፊት ሳያስመሰክር መምህር አይባልም፤ ዝማሬ መዋሥዕት ያለ ዙር አምባ፣ አቋቋምም ያለ ጎንደር አይሞላም። እዚያ ቶፍል የለም፤ ውሻ ነው ያለው። ስኮላርሺፑም አኩፋዳ ነው፤ ቁራሽ በየደጁ እየለመነ ዓመታት ይማራል። ልዩነቱ አንድ ነው። ቤተልሔም የሚጠየቁት የሚያውቁትን ነው፤ በቃልዎ ካወጡት አለፉ። ብሉር ግን የማያውቁትን ነው የሚጠይቅዎ።

ይህን ያልተረዳ አመልካች የዓላማ መግለጫውን እንዲህ ይጽፋል፤ እርስዎም ውድቀት ከፈለጉ ይከተሉት። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምሩ። ቅዱስ ያሬድ ይቀመጥ፤ ትሉ ዛፉን ይውጣ፣ ይውደቅ፤ ሦስቱ ወፎች ከገነት ይምጡ፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ይዘርዘሩ። ንጉሥ ገብረ መስቀል ጦሩን በቅዱሱ እግር ላይ ሲተክል የቃላት ገደቡ ያልቃል። እርስዎ ገና አልተወለዱም። የቀረችውን አንዲት መስመር «ከልጅነቴ ጀምሮ ሙዚቃ እወዳለሁ» በምትል ይዝጉ። ገምጋሚዎቹ ስለ ቅዱስ ያሬድ ብዙ ይማራሉ፤ ሊቀበሉት ቢፈልጉም እሱ አላመለከተም።

መግባት ከፈለጉ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ የሄዱበትን ሠርግ ያስቡ። አዝማሪው ሙሽራውን ሲያሞግስ ድሮ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለት ነበር፤ ሰጪው በዓይን ስለሚታይ ስሙ ወዲያው በግጥም ይገባል። አሁን ሰው ጥሬ ገንዘብ አይዝም፤ ስልኩን አውጥቶ በኢንተራክ ይልካል። ሽልማቱ ኪስ ውስጥ በምትንቀጠቀጥ ስልክ ሲደርስ አዝማሪው ማንን ያሞግሳል? ግጥሙስ ይለወጣል? ይህችን አንዲት ጥያቄ በግማሽ ገጽ ከጻፉ ወፎቹ ያላመጡትን ታመጣለች። እኛ ሙዚቃችንን ማወደስ ለምደናል፤ መጠየቅ ግን እንደ ድፍረት ይቆጠርብናል። ይህ ፋኩልቲ ደግሞ የሚቀበለው ደፋሩን ነው።

ከተሳካልዎ እልልታው ሳያልቅ ገንዘቡን የሚመለከተውን አንቀጽ ያንብቡ፤ «እንኳን ደስ ያለዎ» እና «ወጪዎን እንሸፍናለን» ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ማመልከቻውን ከአዲስ አበባ ከላኩ ቪዛውንም አይርሱ። ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ለንደን በሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ የመማር ዕድል አግኝተው፣ ከአገር የመውጣት ፈቃድ ተከልክለው ቀርተዋል። ፒያኖው ግን አልቀረም።

ይህ ሁሉ የሚያደክምዎ ከሆነ ሁለተኛ መንገድ አለ። የስካርቦሮው ልጅ አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም ዘ ዊኬንድ የሚለው፣ ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ ነው ትምህርት ያቋረጠው። በ2016 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት 50,000 ዶላር ሰጠ፤ ግዕዝም እዚያ መሰጠት ጀመረ። ይህ መንገድ ትራንስክሪፕትም የድጋፍ ደብዳቤም አይጠይቅም። 50,000 ዶላር ብቻ ያዘጋጁ።

እሱ ለጊዜው ካልተመቸዎና የመጀመሪያው መልስም «አዝናለሁ» ከሆነ፣ በመጪው መኸር ቅጹ እንደገና ይከፈታል። ያንኑ መግለጫ ያውጡ፣ ሦስቱንም ወፎች ወደ ገነት ይመልሱ፣ በተለቀቀው ቦታ አንድ ጥያቄ ያስገቡ።