«መንገድ ላይ ነው»

ደከመን። ቤሌ ቆመን ከሶዶ መጥቶ ወደ ሶዶ የሚመልሰንን መኪና ስንጠብቅ መልሱ ሁሌም «መንገድ ላይ ነው፣ ደርሷል» ነው። ገና ተሳፋሪ እየጫነም ደርሷል፣ ጎማ ፈንድቶበት ቆሞም ደርሷል። ባለፈው የታመመ ልጅ ያዘለች ሴት ከጠዋት ጀምራ ተራ አስከባሪውን ስትጠይቅ «እናቴ፣ ደርሷል» እያላት ፀሐይ ላይ ዋለች። ቁርጡን ብታውቅ ሞተር ትኮናተር ነበር።

የሚያንገበግበኝ ወሬው እዚያው መንገዱ ላይ መኖሩ ነው። በሶዶና በዳውሮ መካከል የሚመላለሱ መኪኖች ሲተላለፉ ነው የሚውሉት። ፊት ለፊት ትራፊክ ፖሊስ ካለ ሾፌሮቹ መብራት ብልጭ አድርገው ይነጋገራሉ። ቤሌ ሲቆሙ ግን ረዳቱን «ከኋላችሁ ማን አለ?» ስንለው «አለ፣ ይመጣል» ብሎ በሩን ይዘጋል።

ቴክኖሎጂው የተገጠመላቸው መኪኖች ስለ ቦታቸው እርስ በርስ በሬዲዮ መነጋገር ከቻሉ ቆይተዋል፤ 802.11ፒ የሚባለው የገመድ አልባ ስታንዳርድ የጸደቀው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። የስልክ ማማ አይፈልግም። መኪናው ያለበትን ቦታና ፍጥነቱን በሰከንድ እስከ 10 ጊዜ ይናገራል፤ በጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ ያለው ይሰማል፣ ለሚቀጥለውም ሊያቀብል ይችላል። መልእክቱ ቢቋረጥ መኪናው የት እንደደረሰ ከመጨረሻው ቦታና ፍጥነት ተነስቶ ይገመታል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደቂቃ 1 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መኪናው ከቆመ ወይም ከታጠፈ ግምቱ ይስታል፣ ስህተቱም እየሰፋ ይሄዳል። ወደ ኦሞ ወንዝ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ተራራው ሰማዩን ከጋረደው ጂፒኤስ የሚያስፈልጉትን 4 ሳተላይቶች ላያገኝ ይችላል። ቢሆንም ግምቱ ከስንት ሰዓቱ መረጃ እንደተነሳ፣ በምን ያህል ሊስት እንደሚችልም ይታወቃል። «ደርሷል» ውስጥ ሰዓትም ርቀትም የለም።

እኛ ሬዲዮ አልጠየቅንም። አልፎ የመጣ ሾፌር የቱን መኪና የት፣ በስንት ሰዓት እንዳገኘው ለተራ አስከባሪው ቢነግረው፣ እሱም ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ቢጽፍልን ይበቃናል። ይህ ምን ያከብዳል?

በዚያ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ከሶዶ በኩል ጡሩምባ ሰማን። ሁላችንም ዕቃችንን አነሳን፤ ሴትየዋም ልጇን አዝላ ተነሳች። ሲኖትራክ ነበር። ሾፌሩን «መንገድ ላይ ሚኒባስ አላገኘህም?» ብላ ጠየቀችው።

«አለ» አላት፣ «ይመጣል።»